የአከርካሪ ቦይ ዕጢ

የአከርካሪ ቦይ ዕጢ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በሚያልፈው ቦይ ውስጥ፣ በህብለ ሰረሰር፣ በሽፋኖቹ ወይም ከህብለ ሰረሰር በሚወጡ የነርቭ ሥሮች ላይ የሚበቅል ያልተለመደ የሕዋሳት ክምችት ነው። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል እንደ ታይሮይድ ላሉ ንጥረ ነገር አመንጪ የሰውነት ክፍሎችም ያገለግላል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ከሥርዓት ውጭ የሚያድግን እባጭ ብቻ ያመለክታል።

ከዚያው ከቦዩ ውስጥ የሚነሡ ዕጢዎች ቀዳሚ ዕጢዎች ይባላሉ። እነዚህ ብርቅ ናቸው፤ በዓመት ከ100,000 ሰዎች መካከል በአንድ ሰው ገደማ ላይ ይታያሉ። ከሌላ አካል፣ ለምሳሌ ከጡት፣ ከሳንባ ወይም ከፕሮስቴት ካንሰር ተነሥተው ወደ አከርካሪ የሚዛመቱት ግን በጣም ይበዛሉ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት በአዋቂዎች ላይ ስለሚከሰቱት ቀዳሚ ዕጢዎች ይገልጻል።

አብዛኞቹ ቀዳሚ ዕጢዎች ካንሰር ያልሆኑና በዝግታ የሚያድጉ ናቸው። ሆኖም ካንሰር አለመሆን ብቻውን ጉዳት አልባ አያደርጋቸውም። ቦዩ በአጥንት የተከበበ ጠባብ ቦታ ስለሆነ የሚያድገው ነገር የሚሄድበት ስለሌለው ህብለ ሰረሰርን ይጫናል። ጫናው ለረጅም ጊዜ ከቆየ ነርቮቹ ይሞታሉ፤ የሞተ የህብለ ሰረሰር ነርቭ ደግሞ ተመልሶ አይተካም። በመሆኑም በሽታው የሚታወቅበት ጊዜ ሰውየው ወደፊት ቆሞ መሄድ መቻል አለመቻሉን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ነው።

የቦዩ አሠራር

የሰው አከርካሪ በመጀመሪያ 33 አጥንቶች አሉት፦ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ፣ 5 በዳሌ መካከልና 4 በጭራ አጥንት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች በአዋቂ ሰው ተጣብቀው ይገኛሉ። እያንዳንዱ አጥንት ከጀርባው በኩል ቀለበት መሰል ቀዳዳ አለው። ቀለበቶቹ ሲደራረቡ ረጅም ቦይ ይሠራሉ።

በቦዩ ውስጥ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ሥር ይጀምራል። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ከ42 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም የትንሿ ጣት ያህል ነው። በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሏል። ከውጭ ያለው ጠንካራ ሽፋን ዱራ፣ መካከለኛው አራክኖይድ፣ ከህብለ ሰረሰሩ ጋር የተጣበቀው ስስ ሽፋን ደግሞ ፒያ ይባላል። በአራክኖይድና በፒያ መካከል ንጹሕ ፈሳሽ ይዘዋወራል። ከህብለ ሰረሰሩ 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው ወደ እጅ፣ ወደ ግንድ አካል፣ ወደ እግር፣ ወደ ሽንት ፊኛና ወደ አንጀት ይሄዳሉ።

አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ህብለ ሰረሰር ከአከርካሪው ያጥራል፤ የሚያበቃውም በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ቦዩን የሚሞላው የነርቭ ሥሮች ጥቅል ሲሆን ከቅርጹ የተነሣ በላቲን «የፈረስ ጭራ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስለዚህ እግርን የሚያዝዘው የህብለ ሰረሰር ክፍል የሚገኘው በወገብ ሳይሆን ከፍ ብሎ፣ በታችኞቹ የደረት አጥንቶች ደረጃ ነው። ከአንጎል ወደ እግር የሚወርዱት መሥመሮችም በአንገትና በደረት በኩል ያልፋሉ። ይህን አለማስተዋል በምርመራ ወቅት ከሚፈጸሙ ስሕተቶች አንዱን ያስከትላል፤ ዝርዝሩ ከታች ቀርቧል።

ዓይነቶች

ሐኪሞች ዕጢዎቹን በመጀመሪያ የሚለዩት በሚገኙበት ቦታ ነው። ቦታው ስለ ዓይነታቸው ብዙ ስለሚናገር በሦስት ይከፈላሉ።

ከዱራ ውጭ ያሉ፦ በቁጥር የሚበዙት እነዚህ ናቸው። አብዛኞቹ ከሌላ አካል የተዛመቱ ካንሰሮች ናቸው። ሊምፎማና ከአጥንቱ ከራሱ የሚነሡ ዕጢዎችም በዚህ ክፍል ይገኛሉ።

ከዱራ በታች ሆነው ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ፦ ከዱራ በታች ከሚገኙት ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እዚህ ይመደባሉ። ሁለቱ ዋና ዓይነቶች ሜኒንጂዮማና ሽዋኖማ ናቸው። ሜኒንጂዮማ ከሽፋኖቹ ይነሣል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም በመካከለኛና ከዚያ በላይ በሆነ ዕድሜ ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘውም በደረት ክፍል ነው። ሽዋኖማ የነርቭ ሥርን ከሚለብጡት ሕዋሳት ይነሣል። ነርቩ ከቦዩ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ሲያድግ በመካከሉ ይቀጥንና ሁለት ጫፉ የወፈረ ቅርጽ ይይዛል። ሦስተኛው ዓይነት ኒውሮፋይብሮማ ሲሆን የነርቩን ክሮች በውስጡ ስለሚያቅፍ ከነርቩ ለመለየት ያስቸግራል።

በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ፦ ከሁሉም ብርቅ የሆኑትና ለቀዶ ሕክምና አስቸጋሪዎቹ እነዚህ ናቸው። በአዋቂዎች የሚበዛው ኢፔንዲሞማ ነው። ይህ ዕጢ በህብለ ሰረሰር መካከል ያለውን ቀጭን ቱቦ ከሚሸፍኑት ሕዋሳት ጋር የሚዛመድ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከጤናማው ክፍል የሚለየው ግልጽ ወሰን አለው። አስትሮሳይቶማ በሕፃናት ይበልጥ ይበዛል፤ ወሰን ስለሌለው ከጤናማው ሕብረ ሕዋስ ጋር ተቀላቅሎ ያድጋል። ሄማንጂዮብላስቶማ ደግሞ በደም ሥሮች የተሞላ ዕጢ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ ሚክሶፓፒላሪ ኢፔንዲሞማ የተባለ ዓይነት በህብለ ሰረሰር ታችኛ ጫፍና በፈረስ ጭራው መካከል ይበቅላል። በብዛት የሚታየው በወጣት አዋቂዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጀምስ ከርኖሃን የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ለብቻው የሚታይ ዓይነት መሆኑን ገልጿል። ለረጅም ጊዜ ደረጃ 1 ተብሎ ሲመደብ ከቆየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አምስተኛ እትም ምደባ ወደ ደረጃ 2 ከፍ ብሏል። ምክንያቱም ምንም እንኳ በዝግታ ቢያድግ ተመልሶ የመምጣትና በፈሳሹ በኩል ወደ ሌላ የቦዩ ክፍል የመሰራጨት ጠባይ ስላለው ነው።

መንሥኤዎች

አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ዕጢው ለምን እንደተነሣ አይታወቅም። ሸክም መሸከም፣ መውደቅ ወይም ብርድ ዕጢውን አያመጡትም። ጥቂቶቹ ግን በዘር ከሚተላለፉ ሦስት ሁኔታዎች ጋር ይያያዛሉ።

ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ከኒውሮፋይብሮማ ጋር ይያያዛል። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 2 በአንድ ሰው ላይ ብዙ ሽዋኖማ፣ ሜኒንጂዮማና ኢፔንዲሞማ ሊያስከትል ይችላል፤ ሁለቱም ጆሮዎች ቀስ በቀስ መስማት ማቆማቸው አንዱ ፍንጩ ነው። ቮን ሂፕል ሊንዳው የተባለው ሕመም ደግሞ በህብለ ሰረሰር፣ በአንጎልና በዓይን ሄማንጂዮብላስቶማ፣ እንዲሁም የኩላሊት ዕጢ ያመጣል። በመሆኑም አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዕጢ ከተገኘበት ወይም በቤተሰቡ ተመሳሳይ ታሪክ ካለ የዘር ምርመራ ይመከራል፤ ውጤቱም ለልጆቹና ለእህት ወንድሞቹ ጭምር ይጠቅማል።

ምልክቶች

ምልክቶቹ ቀስ ብለው ስለሚመጡ ብዙ ሰዎች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይታወቅላቸው ይቆያሉ።

ሕመም፦ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ነው። ከተለመደው የወገብ ሕመም የሚለየው ሲያርፉ የማይተው መሆኑ ነው። እንዲያውም ሲተኙ ይብሳል፤ ታማሚውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ተቀምጦ እንዲያድር ሊያደርገው ይችላል። የነርቭ ሥር ከተጫነ ሕመሙ እንደ ቀበቶ ደረትን ወይም ሆድን ይዞራል። በዚህ ጊዜ የልብ፣ የጨጓራ ወይም የሐሞት ከረጢት በሽታ ሊመስል ይችላል።

የስሜት ለውጥ፦ መደንዘዝ፣ መውረር፣ ማቃጠል ወይም የሙቀትና የቅዝቃዜ ልዩነት አለማወቅ ይታያል። ነጠላ ጫማ ከእግር ወልቆ አለማወቅ፣ በጨለማ መንገዳገድ፣ ፊት ሲታጠቡ ዓይን እንደተጨፈነ መወላገድ እግር ያለበትን ቦታ የሚያሳውቁት ነርቮች መጎዳታቸውን ያመለክታሉ።

ድክመት፦ እግር ይከብዳል፣ ይገተራል፣ ደረጃ መውጣት ያስቸግራል። ዕጢው በአንገት ከሆነ እጅም ይደክማል፤ ቁልፍ መቆለፍና መጻፍ ያስቸግራል።

ሽንትና ዓይነ ምድር፦ ሽንት መጀመር አለመቻል፣ ማምለጥ ወይም ፊኛው መሙላቱን አለማወቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ እንዲሁም የወሲብ ስሜትና አቅም መቀነስ ይከሰታል። ብዙ ታማሚዎች እነዚህን በኀፍረት ሳይናገሩ ስለሚቀሩ ሐኪሙ ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።

ዕጢው በህብለ ሰረሰሩ አንድ ጎን ብቻ ሲጫን ልዩ ሁኔታ ይፈጠራል፦ በዚያው ጎን ያለው እግር ይደክማል፣ በተቃራኒው ጎን ያለው እግር ደግሞ ሕመምና ሙቀት አይሰማውም። ይህ የሆነው የእንቅስቃሴ መሥመሮች በዚያው ጎን ሲወርዱ የሕመምና የሙቀት መሥመሮች ግን ወደ ህብለ ሰረሰር እንደገቡ ወደ ሌላው ጎን ስለሚሻገሩ ነው። ሁኔታው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገለጸው ሐኪም ስም ብራውን ሴካር ሲንድረም ይባላል።

በድንገት ሽንት መዝጋት፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ወይም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ የእግር ድክመት ከታየ ነገሩ አስቸኳይ ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች ለቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ምርመራ

የሐኪም ምርመራ

ምርመራው የሚጀምረው በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄና በእጅ ነው። ሐኪሙ የጡንቻን ኃይል፣ ስሜትንና ሪፍሌክስን ይመረምራል። ህብለ ሰረሰር ከተጫነ እግር ይገተራል፣ የጉልበት ሪፍሌክስ ከመጠን በላይ ይፈጥናል፣ የውስጥ እግር ሲጫር አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሣል። የፈረስ ጭራው ነርቮች ከተጫኑ ግን በተቃራኒው እግር ይልፈሰፈሳል፣ ጡንቻው ይከሳል፣ ሪፍሌክስም ይጠፋል። በመርፌ ጫፍ ከእግር ወደ ላይ እየተነካካ ስሜት የሚለወጥበት መሥመር ሲገኝ ዕጢው ቢያንስ በዚያ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ እንዳለ ይገመታል። ለምሳሌ የእምብርት መሥመር ከአሥረኛው የደረት ነርቭ፣ የጡት ጫፍ መሥመር ከአራተኛው የደረት ነርቭ ጋር ይዛመዳል።

ኤም አር አይ

የአከርካሪ ቦይ ዕጢን ለማየት ዋነኛው መሣሪያ ኤም አር አይ ነው። መሣሪያው በኃይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ የኤክስሬይ ጨረር የለውም። ጋዶሊኒየም የተባለ ማጉያ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ብዙዎቹ ዕጢዎች ደምቀው ይታያሉ። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን አጥንትን በደንብ ቢያሳዩም በቦዩ ውስጥ ያለውን ለስላሳ አካል በበቂ አያሳዩም፤ ስለዚህ ኤክስሬይ ንጹሕ መሆኑ ዕጢ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ዕጢዎቹ በምስል ላይ የየራሳቸው መልክ አላቸው። ሜኒንጂዮማ በዱራ ላይ ሰፍሮ ከጎኑ እንደ ጅራት የተዘረጋ ድምቀት ያሳያል። ሽዋኖማ የነርቩን መውጫ ቀዳዳ ያሰፋል። ኢፔንዲሞማ በህብለ ሰረሰር መካከል ሆኖ ከላይና ከታች የቆየ ደም ጥላ ሊያሳይ ይችላል፤ ከጫፎቹም ፈሳሽ የያዘ ክፍተት ብዙ ጊዜ ይታያል። ሄማንጂዮብላስቶማ ትንሽና በጣም ደማቅ ሆኖ በዙሪያው የተጠማዘዙ የደም ሥሮች ይታያሉ። ይሁን እንጂ ምስል የሚሰጠው ግምት ነው፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ የናሙና ምርመራ ነው።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። እግሩ የደከመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት የወገብ ኤም አር አይ ብቻ ነው። በመካከለኛ ዕድሜ ያለ ሰው ወገብ ላይ ያረጀ ወይም የተንሸራተተ ዲስክ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ ችግሩ ሁሉ የእርሱ ነው ተብሎ ይደመደማል፤ በደረት ያለው ዕጢ ግን ከምስሉ ክልል ውጭ ሆኖ ማደጉን ይቀጥላል። የእግር መገተርና የፈጠነ ሪፍሌክስ ካለ ችግሩ ከወገብ በላይ መሆኑን ስለሚያሳይ የደረትና የአንገት ምስል መነሣት አለበት። ዕጢ ከተገኘ በኋላም በተለይ ኢፔንዲሞማ ከተጠረጠረ መላውን አከርካሪና አንጎልን ማየት ያስፈልጋል።

ከማግኔት ጋር የማይስማማ የልብ መሣሪያ በሰውነታቸው ላላቸው ሰዎች፣ ማጉያ መድኃኒት በቦዩ ፈሳሽ ውስጥ ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን አማራጭ ይሆናል።

የፈሳሽ ምርመራ

ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ መቅዳት ለኢንፌክሽን ምርመራ ይጠቅማል። ዕጢ ቦዩን በዘጋበት ሁኔታ ግን ከዕጢው በታች ያለው ግፊት በድንገት ሲቀንስ ድክመቱ ሊብስ ስለሚችል ከመቅዳት በፊት ምስል ማየት ይመረጣል። ቦዩ ከተዘጋ ከታች የሚወጣው ፈሳሽ ብዙ ፕሮቲን ይዞ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ከሌሎች በሽታዎች መለየት

ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ በሽታዎች ብዙ ናቸው፦ የዲስክ መንሸራተት፣ የአከርካሪ ቲቢ፣ ብሩሴሎሲስ፣ በቦዩ ውስጥ መግል መቋጠር፣ የህብለ ሰረሰር ብግነት፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ እንዲሁም ቢልሃርዚያ በህብለ ሰረሰር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት። ቲቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት ተጎራባች አጥንቶችንና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ይበላል፤ የተዛመተ ካንሰር ደግሞ አጥንቱን በልቶ ዲስኩን ይተዋል። ቀዳሚ ዕጢ ብዙ ጊዜ አጥንቱን ሳያፈርስ ቦዩን ይሞላል ወይም ቀስ በቀስ ያሰፋዋል።

ሕክምና

የሕክምናው ዓላማ ሁለት ነው፦ ዕጢውን መቆጣጠርና ሰውየው ያለውን የመንቀሳቀስ አቅም መጠበቅ። ሁለቱ አንዳንዴ ይጋጫሉ፤ ዕጢውን እስከ መጨረሻው ቅንጣት ለማውጣት መሞከር ጤናማውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የዓላማዎቹ ሚዛን ከታማሚው ጋር በግልጽ ተነጋግሮ የሚወሰን ነው።

ክትትል

በአጋጣሚ የተገኘ፣ ትንሽና ምልክት የሌለው ሽዋኖማ ወይም ሜኒንጂዮማ በየጊዜው በኤም አር አይ እየታየ ሊቆይ ይችላል። ካደገ ወይም ምልክት ካመጣ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል።

ቀዶ ሕክምና

ለአብዛኞቹ ቀዳሚ ዕጢዎች ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። ታማሚው በደረቱ ተኝቶ፣ ትክክለኛው አጥንት በኤክስሬይ ተቆጥሮ ከተረጋገጠ በኋላ የአጥንቱ የኋላ ክፍል ይነሣል። ዱራ ተከፍቶ ዕጢው በማይክሮስኮፕ እየታየ ይወጣል።

ሜኒንጂዮማና ሽዋኖማ በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ሊወጡ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሰው የመምጣታቸው ዕድል ዝቅተኛ ነው። በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለ ዕጢ ሲሆን ሐኪሙ ህብለ ሰረሰሩን ከኋላ በኩል በመካከለኛው መሥመር ከፍቶ ይገባል። ኢፔንዲሞማ ወሰን ስላለው በጥንቃቄ ሊላቀቅ ይችላል። ሄማንጂዮብላስቶማ ብዙ ስለሚደማ ዕጢው ራሱ አይቆረጥም፤ መጀመሪያ ደም የሚያመጡለት ሥሮች ተዘግተው ከዙሪያው ይለያል። ሚክሶፓፒላሪ ኢፔንዲሞማ ሽፋኑ ከተቀደደ ሕዋሳቱ በፈሳሹ ሊሰራጩ ስለሚችሉ በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ በአንድነት ይወጣል። አስትሮሳይቶማ ግን ወሰን ስለሌለው ብዙ ጊዜ ናሙና በመውሰድ ወይም ከፊሉን በማውጣት ይወሰናል።

በቀዶ ጥገናው ጊዜ የነርቮችን ሁኔታ የሚከታተል መሣሪያ ይሠራል። ከራስ ቅል ላይ የሚላክ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት በህብለ ሰረሰር አልፎ የእግርና የእጅ ጡንቻ መድረሱ ይለካል። ምልክቱ ከደከመ ሐኪሙ ሥራውን ያቆማል፣ ይጠብቃል ወይም አቅጣጫ ይለውጣል። ዕጢውን በድምፅ ሞገድ እየፈረፈረ የሚመጥ መሣሪያም ህብለ ሰረሰሩን ሳይጎትቱ ለመሥራት ይረዳል።

በህብለ ሰረሰር ውስጥ ከተሠራ በኋላ ለጊዜው መደንዘዝና መንገዳገድ መጨመሩ የተለመደ ነው፤ መክፈቻው የሚያልፈው የስሜት መሥመሮች መካከል ስለሆነ ነው። ለብዙዎች በሳምንታትና በወራት ይሻላል። ሌሎቹ አደጋዎች ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ፣ የፈሳሽ መንጠብና በኋላ የሚመጣ የአከርካሪ መጉበጥ ናቸው።

የውጤቱ ዋነኛ ጠቋሚ ታማሚው ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረበት ሁኔታ ነው። እየተራመደ የገባ ሰው በአብዛኛው እየተራመደ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ሽባ ሆኖ የቆየ ሰው ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ ቢወጣለትም የማገገም ዕድሉ ያንሳል።

የናሙና ምርመራ

የወጣው ዕጢ በፓቶሎጂ ሐኪም ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ዕጢዎችን ከደረጃ 1 እስከ 4 ያስቀምጣል፤ ከፍ ያለ ደረጃ ፈጣን እድገትን ያመለክታል። የ2021ዱ ምደባ በማይክሮስኮፕ ከሚታየው መልክ በተጨማሪ የዘረ መል ለውጦችን ያካትታል። ለምሳሌ የማይክ ኤን ዘረ መል የተባዛበት የህብለ ሰረሰር ኢፔንዲሞማ ፈጣንና አደገኛ ስለሆነ ለብቻው ተመድቧል።

የጨረር ሕክምና

ጨረር የሚሰጠው ዕጢው በከፊል ሲቀር፣ ተመልሶ ሲመጣ ወይም ደረጃው ከፍተኛ ሲሆን ነው። ህብለ ሰረሰር ራሱ ለጨረር ስሱ ስለሆነ መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 54 ግሬይ በትንንሽ መጠን ተከፋፍሎ በአምስትና በስድስት ሳምንታት ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ ለወጣ ደረጃ 1 ዕጢ ጨረር አያስፈልግም።

መድኃኒቶች

ዴክሳሜታሶን በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት በመቀነስ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ዕጢውን ግን አያጠፋም። ኬሞቴራፒ ለአብዛኞቹ ቀዳሚ ዕጢዎች ያለው ጥቅም ውሱን ነው። ሊምፎማ ግን ለኬሞቴራፒና ለጨረር በደንብ ስለሚታዘዝ ትልቅ ቀዶ ጥገና ላያስፈልገው ይችላል፤ ናሙና አስቀድሞ መውሰድ ከሚጠቅምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከቮን ሂፕል ሊንዳው ጋር ለተያያዘ ሄማንጂዮብላስቶማ፣ ቤልዙቲፋን የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጸድቋል።

የተዛመተ ካንሰር ሲሆን

ህብለ ሰረሰርን የተጫነው ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር ከሆነ ዕቅዱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት 101 ታማሚዎችን አነጻጽሮ ነበር። ቀዶ ጥገናና ጨረር ካገኙት 84 በመቶው፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ 57 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ችለዋል። ይህ ግን ቀዶ ጥገናን ለሚችሉና በአንድ ቦታ ብቻ ጫና ለነበረባቸው ታማሚዎች የተገኘ ውጤት ነው።

ከሕክምና በኋላ

ማገገም ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭ የሚቀጥል ሥራ ነው። ፊዚዮቴራፒ በተቻለ ፍጥነት ይጀመራል። ስሜት የጠፋበት ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ ቆዳውን በየቀኑ ማየትና እግሩን ከሙቅ ነገር መጠበቅ ያስፈልጋል። ፊኛው ራሱን ባዶ ካላደረገ በንጹሕ ካቴተር በየጥቂት ሰዓታት ልዩነት ማውጣት ኩላሊትን ከጉዳት ይጠብቃል። ይህን ቤተሰብ ሊማረው ይችላል።

ኢፔንዲሞማ ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል የኤም አር አይ ክትትሉ ረጅም ነው። «ድኛለሁ» ብሎ ክትትል ማቋረጥ ተመልሶ የመጣውን ዕጢ በጊዜው እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ አንድ የጦር መኮንን ለሦስት ዓመታት ያህል በጀርባ ሕመም ተሠቃይቶ፣ ብዙ ሐኪሞች ዘንድ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ጋወርስ ምልክቶቹን መርምሮ ችግሩ በደረት ደረጃ ህብለ ሰረሰርን የሚጫን ነገር ነው አለ። ያን ጊዜ ኤክስሬይ እንኳ ገና አልተገኘም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ቪክቶር ሆርስሊ በተገመተው ቦታ ሲከፍት ዕጢ አላገኘም፤ ወደ ላይ ጨምሮ ሲከፍት ግን አገኘውና አወጣው። ታማሚው ተመልሶ መራመድ ቻለ። ይህ በህብለ ሰረሰር ዕጢ ላይ የተደረገ የመጀመሪያው የተሳካ ቀዶ ጥገና ተብሎ ይታወቃል። ዕጢው ከህብለ ሰረሰር ውጭ የነበረ ነው።

በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለ ዕጢ በተሳካ ሁኔታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1907 በቪየና በአንቶን ፎን አይዘልስበርግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኒው ዮርክ ቻርልስ ኤልስበርግ በሁለት ደረጃ የሚሠራ ዘዴ አስተዋወቀ፦ በመጀመሪያው ቀን ህብለ ሰረሰሩን ከፍቶ ይተወዋል፣ ዕጢው በራሱ ግፊት ወደ ውጭ ሲወጣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 ዣን ሲካርና ዣክ ፎረስቲየ አዮዲን ያለበት ዘይት ወደ ቦዩ በማስገባት በኤክስሬይ መዘጋቱን ማየት ቻሉ። የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ከ1960ዎቹ፣ ኤም አር አይ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሥራውን ለውጠውታል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር ተጀመረ። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በውጭ አገር የሠለጠኑ ነበሩ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን ኋላ ጅማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል።

ቲቢ በአገሪቱ የተለመደ በሽታ ስለሆነ የጀርባ ሕመምና የእግር ድክመት ያለበት ሰው በመጀመሪያ በአከርካሪ ቲቢ ቢጠረጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ድክመቱ እየባሰ ከሄደ ምርመራው እንደገና መታየት አለበት።

የጀርባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ ወጌሻ መሄዳቸውም የተለመደ ነው። እግሩ የደከመ ወይም የደነዘዘ ሰው ጀርባውን በኃይል መታሸትና መጠምዘዝ የለበትም፤ አጥንቱ በቲቢ ወይም በካንሰር የተበላ ከሆነ ሊሰበርና ህብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ ይችላል። ጸበልና ጸሎት የሚከታተል ሰው ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል። ዋናው ነገር እግር ከመድከሙ በፊት፣ ከደከመም መራመድ ሳይቆም ምርመራው መደረጉ ነው።